የጠፋው ሁለተኛ ሰው
በባሕር ዳር በአንድ የሰፈር ዕድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ የሥራ አመራር አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

እንኳን ለዓመቱ ጉባኤያችን በሰላም አደረሰን። በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ዕድራችን ከተመሠረተ ጀምሮ የመጣበትን መንገድ የሚመለከት ነው። ጸሐፊያችን መዝገቡን ከነአቧራው አምጥተው ሰጡኝ፤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ድንኳኑ መቼ እንደ ተገዛ፣ ብረት ድስቱ ስንት እንደ ደረሰ፣ ወንበሩ ስንቱ እንደ ተሰበረ ሁሉም ተጽፏል። ንብረት ክፍሉ በሪፖርቱ ስለሚያሰማችሁ እኔ አልደግመውም። ከመዝገቡ ውስጥ ልቤን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። ጡሩንባ ተነፍቶ ሰው ያልወጣበት አንድም ቀን አላገኘሁም። በሐምሌ ዝናብ ወጥተናል። በሥራ ቀን ወጥተናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ባሳለፍነው በዚያ ሁሉ መከራ፣ መንገድ ሲዘጋና ተኩስ ሲሰማ እንኳ፣ አቅማችን በፈቀደ መጠን የሞተብንን ለብቻው አልቀበርንም።

እንግዲህ እጠይቃችኋለሁ። ለሞተ ሰው እንዲህ የምንወጣ ሰዎች፣ በሕይወት ያለ ሰው «ኡኡ» ሲል የት ነን?

ብዙዎቻችሁ በእኔ ላይ የደረሰውን ሰምታችኋል። ቤቴ ድረስ መጥታችሁ «እንኳን ነፍስሽን አተረፈው» ብላችሁኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን የሰማችሁት ቦርሳዬ መነጠቁን ነው። እኔን ያመመኝ ቦርሳው አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ ቀኑ ቅዳሜ። ከገበያ ለሽሮ የሚሆን አተርና ጥቂት የዘጌ ቡና ገዝቼ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ በሐይቁ በኩል፣ ከዘንባባዎቹ ሥር በእግሬ እመጣለሁ። ለ12 ሰዓት ጥቂት ቀርቶታል። ፀሐይ አዘቅዝቃ ውኃው ቀልቷል እንጂ አልጨለመም። ይህን ያዙልኝ፤ አልጨለመም። የቡና ቤቱ በረንዳ በሰው ተሞልቷል። ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ከሰሏን ታራግባለች።

ሁለት ወጣቶች ከኋላዬ ደረሱ። አንዱ «እማማ፣ ሰዓት ስንት ሆነ?» አለኝ። ወደ እሱ ዘወር ስል ሌላው የቦርሳዬን ማንገቻ ጨመደደው። ማንገቻው በአንገቴ የተንጠለጠለ ስለ ነበር እኔም አብሬው ተጎተትኩ፤ በጉልበቴ አስፋልቱ ላይ ወደቅሁ። ቡናዬ ተበተነ። «ሌባ!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያም እናቶቻችን የሚሉትን አልኩ፤ «ኡኡ! የሰው ያለህ!»

የሰው ያለህ! እዚህ ሰው አለ ወይ ማለት ነው። ሰው ነበረ። ቢያንስ ሠላሳ ሰው ነበረ። አንድ ጎልማሳ ማኪያቶውን እንደ ያዘ ብድግ አለ፤ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። አንድ ባለ ባጃጅ ሞተሩን አስነሥቶ ትርምሱ እንዳይነካው ጥቂት ፈቀቅ አለ። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ቀረጸኝ። ያ ቪዲዮ እስከ ዛሬ ለፖሊስ አልደረሰም፤ ለጓደኞቹ ግን ደርሷል። እኔ ራሴ በሰው ስልክ ላይ አይቼዋለሁ። እናታችሁ የምሆን ሴት በጉልበቷ ስትጎተት ታያላችሁ፤ ከጀርባ ሰው ይስቃል።

አንድ ሰው ግን ወጣ። ከገጠር ለቀን ሥራ የመጣ፣ ከ20 ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው፤ የሲሚንቶ አቧራ ከፀጉሩ ገና አልረገፈለትም። አካፋውን ጣለና «በሕግ አምላክ!» እያለ ሮጦ መጣ፤ የአንዱን ክንድ ያዘ። ሌላው ሴንጢ አወጣና መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ማዶ ሰነጠቀው። ቦርሳውን ይዘው ሄዱ።

ለ34 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። መዳፍ ሲቆረጥ ደሙ ብዙ ነው፤ ሰውዬው ራሱ ደሙን አይቶ ነው የሚዝለፈለፈው። ነጠላዬን አጠፍኩና ቁስሉ ላይ ጫንኩት፤ እጁን ከልቡ በላይ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ አደረግኩ፤ ሳላነሣ ተጭኜ ቆየሁ። ይኼኔ ሰው መጣ! ሌቦቹ ከሄዱ በኋላ ሠላሳው ሁሉ ከበበን። ለልጁ ምን አሉት መሰላችሁ? «ምን አገባህ አንተ? ብትሞትስ ኖሮ?»

ምን አገባህ! ደሙ በእጄ ላይ ነው፤ እነሱ «ምን አገባህ» ይሉታል!

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የትኛው እንደ ሆነ አልናገርም፤ ነገሩ የአንድ ጣቢያ አይደለም። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አስቀመጡን። እኔን «ሲስተር» ብለው ወንበር ሰጡኝ። እሱን መታወቂያ ጠየቁት፣ ከየት መጣህ አሉት፣ ከተማ ምን ትሠራለህ አሉት፤ ተከሳሹ እሱ እስኪመስል ድረስ። ለሁለት ሳምንት አካፋ መያዝ አልቻለም። ከጊዜ በኋላ ከሁለቱ አንዱ ተያዘና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። እኔ መሬት ላይ ስለ ነበርኩ ፊቱን በደንብ አላየሁትም፤ በቅርብ ያየው ያ ልጅ ነው። መጀመሪያ መጣ፤ ቀጠሮ ተሰጠ። ሁለተኛ መጣ፤ ቀጠሮ ተሰጠ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የቀን ሥራው ይቀራል። በሦስተኛው አልመጣም፤ ስልኩም አይሠራም። ከበረንዳው ሰዎች «እኔም አይቻለሁ» ብሎ ስሙን ያስመዘገበ አንድም አልነበረም። ተጠርጣሪው ተለቀቀ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው የመጣሁበትን የምናገረው። ሰዉ ሁሉ «የሚደርስ ሰው ጠፋ» ይላል። ልክ አይደለም። አንድ ሰው ደርሶልኛል። የጠፋው ሁለተኛው ሰው ነው።

ነገሩ ዓለም አቀፍ መሆኑን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎችን በየክፍሉ ለየብቻ አስቀምጠው አንድ ሰው ሲያጣጥርና እርዱኝ ሲል በድምፅ ማስተላለፊያ አሰሟቸው። ድምፁን ለብቻው እንደሚሰማ ካመነው ከ100 ሰው 85ቱ ድምፁ ሳይቋረጥ ለመርዳት ተነሥቷል። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ካመነው የተነሣው 31 ብቻ ነው። ሌላው ይነሣል ብሎ ሁሉም ተቀመጠ። በረንዳው ላይ ያ ጎልማሳ ግራና ቀኙን ያየው ለዚህ ነው፤ የሚቀድመው ሰው ይፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ፣ በሆላንድና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በመንገድ ካሜራ የተቀረጹ 219 ጠቦችን ያዩ ተመራማሪዎች ደግሞ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቶ እንደ ነበር አግኝተዋል። ሰው ድሮም አንጀቱ አልደረቀም ማለት ነው። የመጀመሪያው ይወጣል። የወጣውን ብቻውን የምናስቀረው እኛ ነን።

ይህ ደግሞ የእኛ ባህል አልነበረም። በዚህ አገር መንገደኛ ዳኛ ነበር። ሁለት ሰዎች ተጣልተው «በሕግ አምላክ» ከተባለ እጅ ይሰበሰባል። ከዚያ የሚያልፈው መንገደኛ ይጠራና ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል፤ የመንገድ ዳኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ አንዱን ከሌላው ጋር ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሌባው ካልታወቀ አገሩ በሙሉ ለአውጫጭኝ፣ ማን እንደ ሠራው አብሮ ለማውጣጣት፣ ይሰበሰባል። ያ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ ንጹሕ ሰው ተንገላቶበታል። ነገር ግን «ምን አገባኝ» ብሎ ማለፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ያ የቀን ሠራተኛ «በሕግ አምላክ» ሲል ከአያቶቹ አፍ የወሰደውን ቃል ነው የተናገረው። ሠላሳው ሰው ቃሉን ያውቀዋል። የሚመልስለት ግን አልነበረም።

በሌላው ብቻ እንዳልፈርድ የራሴንም ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ከአጥሬ ውጭ ጮኸች። ተነሣሁ። ወደ በሩ ሄድኩ። መቀርቀሪያው ላይ እጄን አሳረፍኩ። ከዚያ ተመልሼ መብራቱን አጠፋሁ። ጠዋት ከበራፌ ላይ የሴት ነጠላ ጫማ አገኘሁ፤ አንድ እግር፣ ማሰሪያው የተበጠሰ። የማን እንደ ሆነ ጠይቄ አላገኘሁም። ጫማው እስከ ዛሬ ቤቴ ነው። እኔ አስፋልት ላይ ወድቄ ስጮኽ መጀመሪያ የታወሰኝ ያ ጫማ ነበር።

ስለዚህ የምትፈሩትን አውቃለሁ። ሴንጢውን ትፈራላችሁ። በቀሉን ትፈራላችሁ። ሰው በሚታገትበት፣ ሌሊት ማን በር እንደሚያንኳኳ በማይታወቅበት ዘመን በር ከፍቶ መውጣት ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ እሱ ከእኛ ጋር አልኖረም። ባዶ እጃችሁን ሴንጢ ላይ ሂዱ አልላችሁም። ሕጉም አይልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 የሚቀጣው በራሱም ሆነ በሌላው ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት እየቻለ ሕይወቱ ወይም አካሉ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ የተወውን ነው፤ እስከ 6 ወር እሥራት ወይም መቀጮ አለው። መጮኽ አደጋ የለውም። ባጃጁን አቁሞ መብራት ማብራት አደጋ የለውም። ፖሊስ መጥራት፣ መልኩን መያዝ፣ ለቆሰለው ነጠላ መዘርጋት ምን አደጋ አለው?

ሌላም አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50፣ ከ3 ወር በማያንስ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም ሰው እንዲይዝ ይፈቅዳል። መያዝ ነው ያልኩት። ይዞ ማስረከብ። «ሌባ» ተብሎ የተጮኸበትን ልጅ አርባ ሰው ሲረግጠው የሚተርፈውን ቁስል በእጄ አጥቤያለሁ፤ አንዳንዱ ሰርቆ እንኳ አያውቅም። ሲነጥቅ ዝም ብሎ፣ ከወደቀ በኋላ ለመርገጥ የሚሮጥ ሰው ጀግና አይባልም። እሱም ያው በረንዳ ላይ የነበረው ሰው ነው።

ጊዜያችሁን ወስጃለሁ፤ የማቀርበውን አቅርቤ ልቀመጥ።

አንደኛ፣ የዕድራችን ጡሩንባ ለቀብር በረጅሙ ይነፋል፤ ለኡኡታ ሦስት ጊዜ በአጭሩ ይነፋ። የሰማ በር ከፍቶ፣ መብራት አብርቶ፣ ድምፅ እያሰማ ይውጣ። ብቻውን ማንም አይሂድ።

ሁለተኛ፣ ዋናው ይህ ነው። ለተጎዳ ሰው ደርሶ ምስክር የሆነ ሰው ፖሊስ ጣቢያም ሆነ ፍርድ ቤት ብቻውን አይቁም። ሁለት አባላት በተራ አብረውት ይሂዱ። የቀን ሠራተኛ ከሆነ የዋለበት የቀን ዋጋ ከዕድሩ ገንዘብ ይከፈለው። «አባላችን ካልሆነስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ያ ልጅ መዋጮ አልከፈለም። እኔ ለዚህ ዕድር ስንት ዓመት ስከፍል የኖርኩ አባላችሁ መሬት ላይ ስጎተት ግን ደሙን የከፈለልኝ እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ በየደጃችን አምፖል ይብራ፤ ለዚህ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀብር የቀረ አባል በደንባችን መቀጫ አለበት። ይህም በደንቡ ይግባ። የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ እንዳይባል፣ ቡናና ዳቦው ሳይመጣ፣ ሰው ሳይበተን፣ አሁን እጅ እንዲወጣበት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።