«ከነቢተሰብዎ»፦ ስለ እጅ ጽሑፍ ፎንት

ማስተዋል፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ጣና ዳር ተቀምጠን ነው የምናወራው። ከኋላ የምትሰሙት ወደ ዘጌ የሚሄድ የሞተር ጀልባ ነው። ወሬያችን ደግሞ ስለ ፎንት ነው። በእጅ የተጻፈ ስለሚመስለው።

ይበልጣል፦ ካርድ ላይ፣ ካፌ በር ላይ፣ ቲሸርት ላይ የምናየው።

ማስተዋል፦ እኔ ከሠርግ ካርድ ልጀምር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእህቴ የጥሪ ካርድ ከላይ እስከ ታች በእጅ ጽሑፍ ፎንት ነበር የተሠራው። ኮምፒውተር ላይ ሲያሳዩን ሲያምር! ታትሞ ሲመጣ «ከነቤተሰብዎ» የሚለው «ከነቢተሰብዎ» ሆኗል።

ይበልጣል፦ ሲተይቡ ተሳስተው ነው?

ማስተዋል፦ ኧረ በትክክል ነው የተተየበው። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ተደፍና ነው። ፊደሉ ደቃቃ፣ መስመሩ ወፍራም። ቀለበቷ ስትደፈን ጭረት መሰለች፤ «ቤ» በቃ «ቢ» ሆነች። አክስቴ ከመርዓዊ ደውላ «ምን ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ?» አለችኝ።

ይበልጣል፦ የፊደላችን ጠባይ ነው እኮ። «ቡ»ንና «ቢ»ን የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት። ወገቡ ላይ ካረፈች ካዕብ፣ እግሩ ላይ ካረፈች ሳልስ። እጃችን ሲፈጥን መሃል ላይ ትቀራለች። ደብዳቤ ላይ ሲሆን ከቃሉ ገምተን እናልፋለን። ፎንት የሚሠራ ሰው ግን ያቺን ጭረት የት እንደሚያሳርፋት ቆርጦ መወሰን አለበት። ቀለበቷንም ሰፋ ማድረግ አለበት።

ማስተዋል፦ የፈረንጆቹስ?

ይበልጣል፦ የእነሱ ሌላ ነው። ብራሽ ስክሪፕት የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ውስጥ የወጣ። በብሩሽ የተጻፈ ይመስላል፤ ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። የእኛ ፊደል አይያያዝም። እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። አንዳንድ ዲዛይነር ያንን አይቶ ፊደላችንን ያጋድመውና ጅራት ይቀጥልበታል። እኔ በፍጹም አልወደውም።

ማስተዋል፦ ታዲያ ከየት ይማር?

ይበልጣል፦ ይኸው ማዶ! ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄዶ ብራናዎቹን ይያቸው። አጻጻፉ ቁም ጽሕፈት ይባላል። መቃ ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም መስመር ይሰጣል፤ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን። ጸሐፊው አስቀድሞ ብራናውን በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጎ፣ ያለ ቀለም ያሰምራል። ከዚያ ፊደሎቹን መስመሩን ይዞ ይደረድራቸዋል። ጽሑፉ በጥቁር፣ የእመቤታችን ስም በቀይ። አንድ ገጽ ላይ ያሉ ሁለት «ለ»ዎችን ጠጋ ብለሽ ካየሽ ግን አይመሳሰሉም። የአንዷ እግር ትንሽ ረዘም ይላል። እኔ ለእሷ ስል ብቻ ጀልባ እሳፈራለሁ።

ማስተዋል፦ ፎንት ላይ ደግሞ ሁሉም «ለ» አንድ ነው።

ይበልጣል፦ ዓይን ቶሎ የሚነቃበትም ለዚህ ነው። «ዘለለ» ብለሽ ጻፊ፤ ሁለቱ «ለ» ቁርጥ መንታ ናቸው። መላ አለው። አሁን ያሉት ኦፕንታይፕ የሚባሉት የፎንት ፋይሎች ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት መልክ መያዝ ይችላሉ፤ ስትጽፊ እየተፈራረቁ እንዲወጡ ማድረግ ይቻላል። ሥራው ነው እንጂ! የእንግሊዝኛው ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው። የእኛ 33 በ7፣ 231። ሦስት ሦስት መልክ ልስጥ ካልሽ 693 ጊዜ ልትጽፊ ነው። ዲቃላ ፊደላቱን ሳንቆጥር።

ማስተዋል፦ ሌላም ነገር አለ። ሰው የሚያምር የፈረንጅ ፎንት ይመርጥና አማርኛ ሲጽፍበት ምንም አይለወጥም።

ይበልጣል፦ ውስጡ የእኛ ፊደል ስለሌለ ነው። ስልኩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያሳይሻል። ካጣ ደግሞ ባዶ ሳጥን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቦታው ተሰጥቶናል፤ እጃችንን እዚያ ማስገባት ነው የቀረን።

ማስተዋል፦ እሺ፣ የት የት እንጠቀምበት?

ይበልጣል፦ አጭር ነገር ላይ። የሙሽሮቹ ስም ላይ ያምራል። የዘጌ ቡና መያዣ ላይ፣ «ቡና» ብቻ ብሎ፣ ትልቅ አድርጎ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹ፣ ስልክ ቁጥሩ ግን በደንበኛው የመጽሐፍ ፊደል ይሁን። ከማሳተምሽ በፊት ደግሞ አንዱን በልኩ አትሚና ለአክስትሽ ስጫት። ስክሪን ላይ አጉልቶ አይቶ መፍረድ አይሆንም።

ማስተዋል፦ የእናትህን ደብተር ንገራቸው እስቲ።

ይበልጣል፦ እማዬ የዕቁብ ደብተር አላት። የስንት ዓመት ነው! እጇ ደስ ይለኛል፤ ክብ ክብ ያለ። ፎንት ላደርገው ብዬ ገጹን ሁሉ ስካን አደረግሁት። ፊደል በፊደል ስለቅም ጭራሽ ያልጻፈቻቸው አሉ። «ሠ» የለም፤ ሁሉንም በ«ሰ» ነው የምትጽፈው። «ኀ» የለም። «ጰ»ማ ከነዘሩ የለም። ወረቀት ሰጥቼ «ጰ ጱ ጲ ብለሽ ጻፊልኝ» አልኳት።

ማስተዋል፦ እሺ አለች?

ይበልጣል፦ «ለብቻው ምን ብዬ ነው የምጽፈው?» አለችኝ። ትንሽ አሰበችና «ጴጥሮስ ወጳውሎስ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ላይ «ጴ»ንና «ጳ»ን ወሰድኩ። የ«ጴ»ዋን ቀለበት ብታያት! ወለል ብላ ክፍት ናት። «ጱ»ና «ጲ» ግን ገና ናቸው።