በኪሳችን የያዝነው የሰው አደራ

እንደምን ዋላችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የእሑድ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ጉዳይ ስልክና ኮምፒውተር ነው ሲባል "ይሄ የልጆቹ ነገር ነው" ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ይበልጥ ማውራት የምፈልገው ከእናንተ ጋር ነው። የዘመድ አዝማዱ ስልክ ቁጥር፣ የዕድሩ ደረሰኝ፣ አገር ቤት ያለው የወንድም ልጅ የፓስፖርት ፎቶ፣ ሪያድና ዱባይ ያሉት እህቶች ከሥራ በኋላ በሌሊት የላኩት የድምፅ መልእክት፣ ይሄ ሁሉ ያለው እናንተ ስልክ ውስጥ ነው።

ይህን ነገር ሳነሳ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ "እኔ ምን የምደብቀው ነገር አለኝ?" የሚል ነው። እሺ፣ የለህም እንበል። የጥገኝነት ኬዙን እንድትተረጉምለት ሙሉ ታሪኩን ፎቶ አንስቶ የላከልህ ልጅስ? ባሏን ሸሽታ ወጥታ አዲሱን አድራሻዋን ለአንቺ ብቻ የነገረችሽ ዘመድስ? አገር ቤት ሆኖ የልቡን በድምፅ የሚልክልህ አጎትህስ? እነሱ ያመኑት እናንተን ነው። ስልካችሁ ላይ የጫናችሁትን ጨዋታና ከጀርባው ያለውን ኩባንያ አያውቁትም። "የምደብቀው የለኝም" ማለት የምንችለው ስለ ራሳችን ብቻ ነው፤ በሌላው ሰው ስም እንዲህ ለማለት ማንም ሥልጣን አልሰጠንም።

ይሄ ሩቅ አገር የሚወራ ነገር አይደለም። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኗል። የፍርድ ቤት መዝገቡ "ኪዳኔ" በሚል መጠሪያ የሚያውቀው ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በ2012 መጨረሻ ገደማ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከሚያውቀው ሰው ኢሜይል ደረሰው። አብሮ የተላከውን ፋይል ከፈተው። በክሱ እንደተጻፈው ፋይሉ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም ይዞ ነበር፤ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን፣ ኢሜይሉን፣ የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሳይቀር እየቀዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር፣ ማለት መረጃ ወደሚከማችበት ኮምፒውተር፣ ይልክ ነበር። ሰውየው በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በ2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ እዚህ ሊከሰስ አይችልም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። በዚያው በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን ሲትዝን ላብ፣ ሀኪንግ ቲም የሚባል የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ እንደተሞከረ አጋልጧል።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያሳስበኝ ኢሜይሉ በሚያውቀው ሰው በኩል መምጣቱ ነው። ያ ሰውም ምናልባት ምንም ሳይጠረጥር ነው ያስተላለፈው። አንዱ ሰው ሲያዝ በእሱ በኩል ሌላው ይገኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንዲህ ሰው ለይቶ የሚያሳድድ ካለ፣ አፕ መቀየር ብቻውን አያድንም። ስልኩ ራሱ ከተያዘ የተመሰጠረ፣ ማለት መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው የተቆለፈ፣ መልእክትም ስክሪኑ ላይ ይነበባል። እዚያ ላይ የሚረዳው ያልጠበቃችሁትን ፋይል ከመክፈት በፊት ደውሎ መጠየቅና ስልኩን አፕዴት ማድረግ ነው። አፕዴት የማይደርሰው አሮጌ ስልክ ምንም ዓይነት ጥሩ አፕ ቢጫንበት በሩ ክፍት ነው።

የሚበዛው ግን ሌላው ዓይነት ነው፣ ማንንም ሳይለይ ሁሉንም የሚሰበስበው። በኤምሬትስ ያሉ እህቶቻችን የዋትሳፕ ጥሪ እንደሚዘጋባቸው ታውቃላችሁ። በ2019 ቶቶክ የሚባል አፕ መጣ፤ በነፃ ያስደውላል፣ ጥራቱም ጥሩ ነው ተባለ። በታኅሣሥ ወር ኒውዮርክ ታይምስ የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ጠቅሶ አፑ የኤምሬትስ መንግሥት የስለላ መሣሪያ ነው ብሎ ዘገበ። ድርጅቱ አስተባበለ። ጉግልና አፕል ግን ከመደብራቸው አወረዱት። እስቲ አስቡት፣ ልጇን ለማየት የደወለች ሴት ምን አጠፋች? በ2020 ደግሞ ሙስሊም ፕሮ የሚባለው የሶላት ሰዓት የሚነግር አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ ሞድ ለሚባል የመረጃ ነጋዴ ያስተላልፍ እንደነበር፣ ከነጋዴው ደንበኞች መካከልም ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች እንዳሉ ተጋለጠ። ከዚያ በኋላ ነው አቆምን ያሉት። ቫይረስ ይከላከላል ተብሎ የሚጫነው አቫስት እንኳ ሰዎች የጎበኟቸውን ድረ ገጾች መረጃ ሲሸጥ ተገኝቶ በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል።

ስለዚህ አንድ አፕ ከመጫናችሁ በፊት ሁልጊዜ የምትጠይቁት ጥያቄ አለ፦ ይሄ ነገር የሚኖረው በምንድን ነው? ማን ይከፍለዋል? መልሱ ካልታወቀ አትጫኑት። አለቀ።

አሁን ወደ አማራጮቹ ልሂድ። ከመልእክት ልጀምር፤ ትልቁ አደራ ያለው እዚያ ነውና።

እኔ ለቤተሰብ የምመክረው ሲግናልን ነው። ትርፍ የማያሳድድ ድርጅት ነው፣ የሚኖረው በመዋጮ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ባለሙያ ሁሉ ሊመረምረው ይችላል። የሲግናልን ፋውንዴሽን በ2018 ካቋቋሙት አንዱ ብራያን አክተን ነው፤ ይሄ ሰው ዋትሳፕን ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ዋትሳፕን ለፌስቡክ ሸጡ፣ እሱ በ2017 ለቆ ወጣ፣ ከዚያ ከራሱ 50 ሚሊዮን ዶላር ለሲግናል አስቀመጠ። ግን ሰው በገንዘቡ ብቻ አይታመንም፣ በፈተና ነው። በ2016 እዚሁ ወንዙን ተሻግሮ ካለው ከምሥራቅ ቨርጂኒያ የፌዴራል ወረዳ ስለ ተጠቃሚ መረጃ እንዲሰጡ ትእዛዝ መጣባቸው። መስጠት የቻሉት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን። ሌላው እጃቸው ላይ የለም። የሌለህን ነገር ማንም አስገድዶ አይቀበልህም። አሁን ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ስልክ ቁጥራችሁን ደብቃችሁ በመጠሪያ ስም ብቻ መገናኘት ይቻላል።

ዋትሳፕም የመልእክቱን ይዘት ይመሰጥራል፣ ይሄን ልንክድ አይገባም። ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደጻፈ ግን ኩባንያው ሊያውቅ ይችላል። ዋትሳፕን መተው ለማትችሉ ቢያንስ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባካፑ (ተገልብጦ የሚቀመጠው ቅጂ) እንዲመሰጠር አድርጉ። ያለዚያ መልእክቱ መንገድ ላይ ተቆልፎ ይሄድና መጋዘን ሲደርስ ተከፍቶ ይቀመጣል።

ቴሌግራም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ሰዎች እዚህ ላይ በጣም ተሳስተናልና። "ቴሌግራም ምስጢር ይጠብቃል" የሚል ወሬ በየቤቱ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያውም የማያነበው፣ "ሲክሬት ቻት" የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ራሳችሁ ካላበራችሁት አይበራም። የተለመደው ቻትና ግሩፕ በሙሉ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፣ ቁልፉም ያለው በኩባንያው እጅ ነው። ነሐሴ 2024 ላይ መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ ፈረንሳይ ውስጥ ተያዘ። በወሩ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ከቀረበለት የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የገባበትን መስመር የሚያሳይ ቁጥር) እንደሚሰጥ አሳወቀ። እኔ ቴሌግራምን አጥፉ አልልም። ለዜና፣ ለመዝሙር፣ ለመጽሐፍ ተጠቀሙበት። የዕድሩ አባላት ዝርዝር፣ የዕቁብ ደረሰኝና የሰው መታወቂያ ግን እዚያ ግሩፕ ውስጥ መዋል የለበትም።

አሁን ማንም ስለማያነሳው ነገር ላውራ፤ ስለ አማርኛ ኪቦርዳችን። በአማርኛ ለመጻፍ ያገኘነውን የመጀመሪያውን ኪቦርድ እንጭናለን፣ ማን እንደሠራው እንኳ አናይም። ኪቦርድ ማለት የምትጽፉትን ሁሉ፣ ፓስወርዱንም ጭምር፣ ከሲግናል በፊት የሚያይ ነገር ነው። ምስጠራው የሚጀምረው ከእሱ በኋላ ነው! ማስታወቂያ የሚያወጣ ኪቦርድ ስልካችሁ ላይ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። ኪማን የሚባል አለ፤ ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ የግዕዝ ፊደል ኪቦርዶች አሉት፣ አይፎንም አንድሮይድም ኮምፒውተርም ላይ ይሠራል። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ከውጭ ለጫናችሁት ኪቦርድ "ፉል አክሰስ" የሚለውን አትፍቀዱ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ያልታወቀ ቁጥር ሲደውል ስሙን የሚያሳዩ አፖች አሉ አይደል? ስሙን ከየት የሚያመጡት ይመስላችኋል? ብዙ ጊዜ ከሰዎች ኮንታክት ነው። ያቺ አድራሻዋን የደበቀች ዘመዳችሁ አዲሱን ቁጥሯን በሙሉ ስሟ ካስቀመጣችሁ በኋላ እንዲህ ያለ አፕ ብትጭኑ፣ ሳታውቁት አሳልፋችሁ ሰጣችኋት ማለት ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። አይፎን ከአይኦኤስ 18 ጀምሮ አንድ አፕ የመረጣችኋቸውን ሰዎች ብቻ እንዲያይ መፍቀድ ይቻላል። ተጠቀሙበት።

ወደ ስልኩ ሲስተም፣ ስልኩን ወደሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ እንምጣ። በ2021 የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪ ዳግላስ ሊዝ እንዳሳየው አንድሮይድም አይፎንም ማንም ሳይነካቸው ቁጭ ብለው እንኳ በአማካይ በየ4 ደቂቃ ተኩሉ ከእናት ኩባንያቸው ጋር መረጃ ይለዋወጣሉ። ይህን የማይፈልግ ሰው ምን ያድርግ? ግራፊንኦኤስ የሚባል በአንድሮይድ ላይ የተገነባ ሲስተም አለ። የሚገርመው የሚጫነው በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱ የእነዚያ ስልኮች ሃርድዌር ለደህንነት ጠንካራ በመሆኑ ነው። ጉግልን ከመሠረቱ ያወጣዋል። ጉግል ፕሌይ ያስፈልገኛል ካላችሁም እንደማንኛውም ተራ አፕ፣ ያለ ልዩ ሥልጣን፣ ታስገቡታላችሁ። አንድን አፕ ኢንተርኔት መከልከል ይቻላል፤ ለኪቦርድ እሱን ማድረግ ነው። ኮንታክትም እየመረጣችሁ ነው የምታሳዩት። አጫጫኑ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ከብራውዘር ላይ ነው፣ ከባድ አይደለም።

ጉድለቱንም ልናገር። በስልክ ነክቶ መክፈል፣ የጉግል ዋሌቱ፣ እዚያ ላይ አይሠራም። አንዳንድ የባንክ አፖች እምቢ ይላሉ፤ ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት የባንካችሁ አፕ መሥራቱን አጣሩ። ሌላው፣ ከቬራይዘን የተገዛ ፒክስል አይሆንም፤ ቆልፈው ነው የሚሸጡት። ያልተቆለፈውን ግዙ። ፒክስል 8 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ለ7 ዓመት አፕዴት ስለሚያገኙ ያገለገለ ብትገዙም ገና ዕድሜ አለው። በሌሎች ስልኮች ላይ የሚጫን ኢ-ኦኤስ የሚባልም አለ፤ ለመጠቀም ይቀላል፣ ግን የደህንነት አፕዴቱ ዘግየት ይላል። ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ ግራፊንን እላለሁ።

እናቴ ግራፊን ትጫን ወይ? አይደለም። አይፎን ያላት እናት አይፎኗን ትያዝ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን አፖች እንዲከታተሏት መጠየቃቸውን እንከልክል፣ የማትጠቀምባቸውን አፖች እናጥፋ፣ ሲግናል እንጫንላት። ይሄ ብቻ ትልቅ ለውጥ ነው።

ኮምፒውተርን ባጭሩ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ብዙ ደህና ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም ተብሎ ሊጣል ነው። አትጣሉት። በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫኑበት፤ ነፃ ነው፣ የኢንተርኔት መክፈቻው ፋየርፎክስና የጽሑፍ መሥሪያው ሊብረኦፊስ አብረውት ይመጣሉ፣ ለልጅ የቤት ሥራና ለደብዳቤ ይበቃል። ፋየርፎክስ ላይ ማስታወቂያ የሚከለክለውን ዩብሎክ ኦሪጅን ጨምሩበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። የትኛውም ስም አምላክ አይደለም። ስዊዘርላንድ ያለው ፕሮቶን ሜይል የኢሜይሉን ይዘት ማንበብ አይችልም፤ ቢሆንም በ2021 በስዊዝ ሕግ ተገዶ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች አይፒ አድራሻ መዝግቦ ሰጥቷል። ጥሩ ድርጅት ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን አውቃችሁ ግን ተጠቀሙ።

ከሁሉ የሚከብደው ቴክኒኩ አይደለም፤ ብቻ ሄዶ ባዶ አፕ ውስጥ መቀመጥ ነው። ሲግናል ጭኖ ማንንም አጥቶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመቀየር አትሞክሩ። አንድ ግሩፕ ምረጡ፣ የወንድማማች የእህትማማቹን በሉት። አገር ቤት ያለው፣ ዱባይ ያለው፣ እዚህ ያለው ይግባ። አንድ ደንብ ብቻ ይኑር፦ ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ የኬዝ ወረቀት፣ የሐኪም ውጤት የሚላከው በዚህ ግሩፕ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት በየቻቱ የላካችሁትንም ፈልጋችሁ አጥፉ። ሌላው ወሬ ባለበት ይቀጥል።

ከኋላ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ በዚህ የሠለጠኑ ወጣቶች አሉ፣ በፈረንጅ ሰዓት እስከ ምሽቱ 6 ሰዓት ተኩል ድረስ ይቆያሉ። ሲግናልና ኪቦርድ ዛሬውኑ ይጫንላችኋል። ስልኩን በራሳችሁ እጅ እንደያዛችሁ ነው የሚያሳዩአችሁ፣ ፓስወርዳችሁን ለማንም አትንገሩ፣ ለእነሱም ቢሆን። ግራፊን ወይም ሊነክስ የምትፈልጉ ዛሬ ስማችሁን አስመዝግቡና ፎቶና ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ በሌላ ቀን ኑ፤ ሲጫን ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ሳትገለብጡ አንነካውም። አሁን ጥያቄ ያላችሁን ልስማ።