ወንበሩ ላይ የተጻፈው

እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ። ወላጆችም እንደምን አመሻችሁ። ሦስት ናችሁ፤ ስትገቡ ቆጥሬያለሁ።

የላቬንደር ምረቃው፣ ማለትም ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩና ትራንስ የሆኑ ተማሪዎች የሚመረቁበት ልዩ ዝግጅት፣ ቀን ላይ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በእንግሊዝኛ ተደርጓል። ይሄ ማታ የእኛው ነው፤ ዶሮውም፣ ድፎውም፣ ወሬውም በአማርኛ። አምስት ደቂቃ ተናገሪ ተብያለሁ፤ መቼም ታውቁኛላችሁ።

ይህን ምረቃ የጀመረችው ሮኒ ሳንሎ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ። ሌዝቢያን በመሆኗ ልጆቿን የማሳደግ መብቷን አጣች፤ በኋላም የገዛ ልጆቿ ምረቃ ላይ እንዳትገኝ ተከለከለች። በዚያ ቁጭት ተነሥታ የሌላ ሰው ልጆች መረቀች። በመጀመሪያው ዓመት የተመረቁት ሦስት ነበሩ፤ ልክ እንደ ዛሬዎቹ ወላጆች። ቀለሙም ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። በናዚ ካምፖች ወንድ በሚያፈቅሩ ወንዶች ላይ የተለጠፈው ሮዝ ሦስት ማዕዘንና ሴት በሚያፈቅሩ አንዳንድ ሴቶች ላይ የተለጠፈው ጥቁሩ ተዋሕደው ነው ላቬንደር የሆኑት ይባላል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን የእናትየዋ ነገር ነው። እሷ ልምጣ ብላ ተከለከለች። እኛ ኑ ተብለን ቀረን።

ሁለት ዓመት ሆነው። ለልጄ ትልቁ ምረቃ ያልመጣ ሰው አልነበረም፤ አበባው፣ እልልታው፣ ከአትላንታ የነዳው አጎቷ ሳይቀር። በዋዜማው ለነበረው ለላቬንደሩ ግን “ሥራ ነኝ” አልኳት። ውሸቴን ነው። ፈረቃዬን ቀይሬ፣ ቀሚሴን ለብሼ፣ የዩኒቨርሲቲው መኪና ማቆሚያ ድረስ ደርሻለሁ። ቲኬት የሚቆርጠው የአገሬ ልጅ ሆነና ቀሚሴን አይቶ፣ “ምረቃ ነው እንዴ እናቴ? እንኳን ደስ አለዎት!” አይለኝ መሰላችሁ! ወዲያው የዚህ ልጅ እናት የማን ዕድርተኛ ትሆን የሚለው ሐሳብ መጣብኝ። “የለም፤ መንገድ ስቼ ነው” አልኩት። ጴጥሮስ እንኳ ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ስድስት ዶላር ከፍዬ ወጣሁ።

ከወር በኋላ ፎቶውን አየሁት። ከጀርባዋ ባዶ ነጭ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። “ለእማዬ” ይላል። ፊደል የተማረችው እዚሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሆነ የ“ማ” እግር ከገላዋ ይረዝማል።

እግዚአብሔርን ፈርተሽ ነው የሚለኝ ሰው አለ። የለም! እኔ የፈራሁት የዕድሩን ቡና ነው። የሰረቀ ሲታሰር ለጠበቃ እናዋጣለን። ሚስቱን የደበደበ ሽማግሌ ይላክለታል፤ በበዓልም ከእኛው ማዕድ ይቀመጣል። ዲግሪ ይዞ የመጣውን ልጃችንን ግን ከፎቶ ቆርጠን እናወጣለን! ነውሩ የቱ ነው? እስቲ ይነገረኝ፤ የቱ ነው ነውሩ?

አገር ቤት ያሉት ነገራቸው ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ለተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት እስራት አለው፤ እንዲህ ያለ ማታ የላቸውም። ከእናንተም ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ መግባት የምትፈሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ያልተስማማ ሰው ፎቶ አይነሣም፤ አደራ፣ ስልካችሁን።

አጋር ጓደኞች፣ ሽንኩርት ስትከትፉ ያመሻችሁት፣ እጃችሁ ይባረክ።

ነጠላዎቹ እነዚህ ናቸው። እናንተ ጥለቱን ሬይንቦ ትሉታላችሁ። እናቴ ዝናብ ባባራ ቁጥር ከደጅ አውጥታ ስታሳየኝ የማርያም መቀነት ነበር የምትለው፤ ሸማኔውም በዚሁ ስሙ ነው የሠራልን። ወላጅ የመጣለትን ወላጁ ያልብሰው። ያልመጣለት ወደ እኔ ይምጣ። ቁመቴ አጭር ነው፤ ዝቅ በሉልኝ።