ፒየንዛ፦ ወደ ተወለደበት መንደር የተመለሰው ሰው

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ፒየንዛ ስለምትባል አንዲት ትንሽ የጣሊያን ከተማ ነው። ቶስካና ውስጥ ናት፣ ከሲየና በስተ ደቡብ። ቫል ዶርቻ የሚባለውን ሸለቆ ቁልቁል እያየች ኮረብታ ላይ ጉብ ብላለች። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃት ፔኮሪኖ በሚባለው የበግ አይቧ ነው። እኔ ግን ከሄድኩባት ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ የአሠራሯ ታሪክ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1462 ድረስ ፒየንዛ የምትባል ከተማ አልነበረችም። እዚያ ኮረብታ ላይ የነበረው ኮርሲኛኖ የሚባል መንደር ነው። ሲየና ውስጥ ደግሞ ፒኮሎሚኒ የሚባሉ መኳንንት ነበሩ። ሀብትም ሥልጣንም የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በኋላ መኳንንቱ ከከተማው ሥልጣን ሲገፉ እነሱም አብረው ወደቁ። ከዘሩ አንዱ፣ ሲልቪዮ፣ የተረፈችውን መሬት ይዞ ኮርሲኛኖ ገባ። ስም አለ፣ ገንዘብ የለም። ከሚስቱ ከቪቶሪያ አሥራ ስምንት ልጆች ወለደ። ከእነሱ አንዱ በ1405 የተወለደው ኤኔያ ነው። የመኳንንት ልጅ ይባል እንጂ እርሻ ላይ እየሠራ ነው ያደገው። በ18 ዓመቱ ለትምህርት ብሎ ወደ ሲየና ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እግሩ ያልረገጠው አገር የለም ማለት ይቀላል። የጳጳሳትና የካርዲናሎች ጸሐፊ ሆነ። እስከ ስኮትላንድ ድረስ ለመልእክት ተላከ። ግጥም ጻፈ፣ በ1442 የጀርመኑ ንጉሥ ፍሬድሪክ ሣልሳዊ የገጣሚነት አክሊል ደፋለት። ቅስና የተቀበለው ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ ነው። በ1458 ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነ፤ ስሙም ዳግማዊ ፒዮስ ተባለ።

በ1459 በሰሜን ጣሊያን ወዳለችው ወደ ማንቶቫ ከተማ እየሄደ ነበር። ቁስጥንጥንያ በኦቶማኖች እጅ ከወደቀች ገና ስድስት ዓመቷ ነው። የአውሮፓን ገዢዎች ሰብስቦ ለጦርነት ሊያነሳሳቸው ነው ጉዞው። መንገዱ ላይ ኮርሲኛኖ አለች። ገባ።

ይህን ጉብኝት ፒዮስ ራሱ ጽፎታል። ስለ ራሱ ሲጽፍ “እሱ” እያለ ነው። የልጅነት ጓደኞቹን አገኛለሁ ብሎ ደስ ብሎት ነበር የመጣው። የጠበቀውን አላገኘም። አብዛኞቹ እኩዮቹ ሞተዋል። በሕይወት ያሉትም በእርጅናና በሕመም ቤት ውለዋል። ብቅ ያሉት ደግሞ መልካቸው ተለዋውጦ ለመለየት እንኳ የሚያስቸግሩ ነበሩ። በየደረሰበት የሚያየው የራሱን እርጅና ሆነ።

ከአገር ቤት ወጥታችሁ ለዓመታት የቆያችሁ ሰዎች ይሄ ስሜት አይጠፋችሁም። “እገሌስ?” ትላላችሁ፣ “አልሰማህም እንዴ?” ይላችኋል። ሦስተኛ አራተኛ ስም ላይ ስትደርሱ መጠየቁን ትፈሩታላችሁ። እኔ ይህን ሰው መውደድ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። ስለ ሥልጣኑ ስንት ነገር ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን የሰፈሩን ልጆች ፈልጎ ያጣው የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው።

እዚያው ወሰነ። በተወለደበት ቦታ አዲስ ካቴድራልና ለቤተሰቡ ፓላዞ፣ ማለትም የመኳንንት ትልቅ ቤት፣ ሊሠራ። ሥራውን ለፍሎረንሱ አርክቴክት ለቤርናርዶ ሮሴሊኖ ሰጠው። በሦስት ዓመት ውስጥ የመንደሩ መሃል ተቀየረ። በነሐሴ 1462 ካቴድራሉ ተመረቀ። መንደሩ በፒዮስ ስም ፒየንዛ ተባለ። የከተማ ማዕረግ አገኘ፣ መንበረ ጵጵስናም ሆነ።

አደባባዩን ላሳያችሁ። ትንሽ ነው፤ በጣም ትንሽ። ቀይ ጡብ ተነጥፎበታል፣ ጡቡን ነጭ የድንጋይ መስመር ይከፋፍለዋል። ፊት ለፊት ካቴድራሉ፣ በቀኝ የፒኮሎሚኒ ፓላዞ፣ በግራ የጳጳሱ ቤት፣ ከጀርባ የከተማው ምክር ቤት። የግራና የቀኙ ሕንፃዎች ወደ ካቴድራሉ ሲጠጉ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ስለዚህ በካቴድራሉ ግራና ቀኝ ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ሸለቆው ይታያል። ፓላዞው በስተ ጀርባው ሦስት ፎቅ በረንዳ አለው፣ ከሥሩ የአትክልት ቦታ፣ ከሩቅ ደግሞ የአሚያታ ተራራ። ለእይታ ተብሎ የተሠራ ቤት ነው። ያንን ሸለቆ በልጅነቱ ያረሰበት ሰው ነው እንግዲህ በረንዳ ይሠራበት ብሎ ያዘዘው።

ገንዘቡስ? ሮሴሊኖ ሲጀምር ያቀረበው ግምት 18 ሺህ ዱካት ገደማ ነበር፤ ዱካት የዚያ ዘመን የወርቅ ገንዘብ ነው። ወጪው ከ50 ሺህ አለፈ። ሮም ያሉት ሹማምንት ሰውዬውን ሊበሉት ደረሱ። ፒዮስ አስጠራው። ሮሴሊኖ እየፈራ ገባ። ፒዮስ ግን፣ እውነቱን ነግረኸን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ለማውጣት አንደፍርም ነበር፣ ይህ ፓላዞና ይህ ቤተ ክርስቲያንም ባልኖሩ ነበር አለው። መቶ ዱካትና ቀይ ካባ ሸለመው። ሌላ ሥራም ጨመረለት። ሮሴሊኖ አለቀሰ ይላል ጽሑፉ።

ታሪኩ ደስ ይላል፤ እኔንም ደስ ይለኛል። ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ያ ገንዘብ ሲልቪዮ ለልጁ ያወረሰው አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ነው፤ ከስንት አገር ምእመን የመጣ። በዚያው ሰሞን ፒዮስ ለጦርነቱ ገንዘብ አዋጡ እያለ የአውሮፓን ነገሥታት እየለመነ ነበር። ለትውልድ መንደር መቆርቆር ትልቅ ነገር ነው። በማን ኪስ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ውበቱን አይቶ የሚጠፋ ጥያቄ አይደለም።

ወደ ካቴድራሉ ስትገቡ ከጠበቃችሁት በላይ ብርሃን ነው። የመሃሉም የጎኑም ጣሪያ ቁመት እኩል ነው፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው። ፒዮስ ይህን አሠራር ያየው በጀርመኖች አገር ሲኖር ነው። እንዳይነካበትም አዋጅ አወጣ፤ ግድግዳውን በሥዕል የሚቀባ፣ መሠዊያ የሚጨምር ሁሉ የተወገዘ ይሁን አለ። አፈሩን ግን ማውገዝ አልተቻለም። የካቴድራሉ ጀርባ ያረፈው ገደሉ ጫፍ ላይ፣ አስተማማኝ ያልሆነ መሬት ላይ ነው። ገና ፒዮስ በሕይወት እያለ ስንጥቅ ታየ። ዛሬ ወደ መንበሩ ስትራመዱ ወለሉ ቁልቁል ሲወርድ እግራችሁ ይነግራችኋል። እኔ ሦስት አራት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩበት።

ካርዲናሎቹም ቤት እንዲሠሩ ፒዮስ ይወተውታቸው ነበር። ሠሩም። የጳጳሱን ቤት ያሠራው ሮድሪጎ ቦርጂያ ነው፤ ኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር ስድስተኛ የሆነው። በነሐሴ 1464 ግን ፒዮስ አንኮና ወደብ ላይ የጦር መርከቦቹን ሲጠብቅ ሞተ። በዚያው ዓመት ሮሴሊኖም ሞተ። ካርዲናሎቹ ፒየንዛ የሚያመላልሳቸው ጉዳይ አልነበራቸውም። ግንባታው በአጭሩ ተቀጨ። አፍርሶ እንደገና የሚሠራ ባለጠጋ ስላልመጣ ነው መሃሉ እስከ ዛሬ ድረስ እንዳለ የቆየው፤ ዩኔስኮም በ1996 መዘገበው። የፒኮሎሚኒ ዘሮች ደግሞ እስከ 1962 ድረስ ፓላዞው ውስጥ ይኖሩ ነበር። አምስት መቶ ዓመት!

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበታችሁ። ያ ሁሉ ሲሠራ የድሮዎቹ የኮርሲኛኖ ቤቶች እየተገዙ ፈርሰዋል። በውስጣቸው ሰው ነበረ። ፒዮስ ለድሆቹ የከተማውን ግንብ ተጠግተው የተደረደሩ አሥራ ሁለት ቤቶች አሠራላቸው። ዛሬም አሉ። መንገዱ ካዜ ኑኦቬ ይባላል፣ አዲሶቹ ቤቶች ማለት ነው። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፣ ጌጥ የላቸውም፣ ከነሱ ደጅ ሸለቆው አይታይም። አስጎብኚዎች እዚያ ብዙ አይቆሙም። ከሄዳችሁ እናንተ ቁሙ። እዚያ የገቡት ሰዎች ስለ አዲሱ ከተማቸው ምን እንዳሉ የጻፈልን የለም። እኔ ግን ከበረንዳው ይልቅ የእነሱን ወሬ መስማት በጣም እፈልግ ነበር።