አንቺ ጋ ያድራሉ፣ እኔ ጋ ይቆርሳሉ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። ዛሬ በቮይስ የላካችሁልኝን የፅጌረዳ ጥያቄዎች ነበር ልመልስ ያሰብኩት፣ ግን ጭንቅላቴ እዛ የለም፣ ለሚቀጥለው ይቆዩልኝ። የታች ቤቱ ጋሼ ነገር ነው። አዎ እሳቸው፣ አጥሬን «ይሄን ጫካ» የሚሉት ጎረቤቴ።

ብርዱን አልነግራችሁም፣ ደሴ ያላችሁ እየቀመሳችሁት ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ «እኛ ጋ እኮ ይሞቃል» አትበሉኝ፣ ገብቶናል፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚለየን ግን ቁልቁል ነው፣ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል፣ ወደ ላይ በ1,000 ሜትር በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ እና እናንተ ቲማቲም ስትለቅሙ እኛ ጋ ቲማቲሙ ጠቁሮ ያድራል። ፀሐይዋም ከጦሳ ጀርባ ቶሎ ነው የምትገባው። ከሰዓት ልብስ ያሰጣ ሰው ያውቀዋል።

ብቻ፣ ግቢዬ ሰሞኑን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ከኅዳር ጀምሮ ምንም አልቆርጥም ብያለሁ። የደረቀው የአደይ ግንድ እንዳለ ነው፣ ድንቢጦቹ ፍሬውን ይለቅማሉ። ሬቱ አብቧል፣ ያቺ መንቁረ ረጅሟ ትመጣበታለች። እና በታች በኩል አጥር የሆነው ግራዋ አለ፣ እሱ ነው ጫካ የተባለው። ግራዋ ደግሞ የሚያብበው በዚህ በበጋው ነው፣ ሌላው ሁሉ ደርቆ ንቦቹ የሚሄዱበት ሲያጡ። አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስሩ ቁሙ እስኪ፣ ጠቅላላ ዛፉ ይጮሃል፣ ወላሂ ስልክ እንኳን ማውራት አይቻልም።

እና «ማህበርተኞቹ» የምላቸው ወፎች የሚያድሩት እዛ ነው። ቡናማዎቹ፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው የሚረዝመው፣ ቁንጮ ያላቸው። ማታ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተለጥፎ፣ የቱ ጭራ የማን እንደሆነ አይለይም። ብርዱ ሲብስ የሰውነታቸውን ሙቀት ዝቅ አድርገው ነው የሚያድሩት፣ ጠዋት ሲነሱ ደንዝዘው ነው። ከዛ ፀሐይ ስትወጣ የሚያደርጉትን ብታዩ... ቅርንጫፉን በሁለት እግራቸው ይዘው ይንጠለጠላሉ፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ገልጠው፣ ላባቸውን በትነው፣ እግራቸው በትከሻቸው ልክ፣ ጭራቸው ቀጥ ብሎ ወደ ታች። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። አይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ቅጠል ስለሚበሉ ሙቀቱ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን እንዲፈጭም ይረዳቸዋል። ጋቢዬን ለብሼ ቡናዬን ይዤ ነው የማያቸው፣ ከዛ በፊት ስልክ አልከፍትም።

እና ማክሰኞ ጠዋት። የውሃዋን ሳህን እያጠብኩ ነው፣ ያቺን ንቦቹ እንዳይሰምጡ ጠጠር ያደረግኩባትን፣ ላይዋ ስስ በረዶ ጋግሮ ነበር፣ በጣቴ እየሰበርኩ ነበር። ቀና ስል ጋሼ አጥሩ ክፍተት ጋ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላውቅም። ኮታቸው ላይ ፎጣ ደርበዋል። «እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉኝ፣ «አልሐምዱሊላህ ጋሼ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ» አልኩ፣ «አልሐምዱሊላህ»፣ ዝም። በእጃቸው የጎመን ቅጠል ይዘዋል። ቅጠል ልበለው እንጂ መሃል ዘንጉ ብቻ ነው የቀረው፣ ዳር ዳሩ ትንሽ አረንጓዴ፣ በመንቁር የተነጨበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እያገላበጡ ያዩታል፣ ወደ እኔ አያዩም፣ ቅጠሉን ነው የሚያዩት። ከዛ፣ ቆጣ ብለው ቢሆን እኮ መልስ ነበረኝ፣ በጣም ቀስ ብለው «ልጄ፣ አንቺ ጋ እያደሩ እኔ ጋ ነው የሚቆርሱት» አሉኝ።

እንዲህ ነው ያሉት። በቃ።

እኔ ምን አልኩ? «ኧረ ጋሼ ይግቡ፣ ቡና ደርሷል።» እሳቸው «ሌላ ቀን»፣ ከዛ «ቅዳሜ ልጁን ከነገጀራው ልላክልሽ፣ ይመንጥርልሽ፣ አንቺ አትድከሚ» አሉኝ እና ቅጠሉን ሰጡኝ። በእጄ ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ምን ላድርገው ብለው ነው የሰጡኝ? አሁንም እሱን አስባለሁ፣ እዛው መጣል ይችሉ ነበር እኮ። ምናልባት ምንም ማለታቸው አይደለም፣ እጃቸው በርዶት ኪሳቸው ሊከቱት ፈልገው ይሆናል። እንጃ።

እሳቸው ጎመኑን በእስር እያደረጉ ነው ለሰኞ ገበያ የሚያወጡት። የጡረታ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ «ወፍ ነው ጋሼ፣ ትንሽ ቢበላ ምን አለበት» የሚባል ነገር የለም፣ ለእኔ ትንሽ ነው፣ ለእሳቸው የዘይት ነው። ይሄን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል። ወፎቹ ደግሞ ምን ያድርጉ፣ በዚህ ወር ሌላ ምን አረንጓዴ አለ? ኮኩ ራቁቱን ነው፣ ሳሩ ቢጫ ነው። ጎመን ደግሞ ብርድ ሲነካው ስኳር ያጠራቅማል፣ እንዳይቀዘቅዝ ራሱን የሚከላከለው በሱ ነው፣ እና የታኅሣሥ ጎመን ከክረምቱ ይልቅ ይጣፍጣል፣ ቅመሱት። ወፎቹም ቀምሰውታል።

ግን... የኔ ናቸው እንዴ? ይሄ ነው የያዘኝ። መኝታ ስለሰጠኋቸው ብቻ የኔ ሆኑ? ያቺ ጭራዋን የምትወዘውዘው ቢጫዋ፣ ድንች መደቡ ላይ እየተራመደች ነፍሳት የምትለቅመዋ፣ እሷ እኮ የተፈለፈለችው አውሮፓ ወይ እስያ ነው፣ እዛ ሲበርድ እዚህ መጥታ በጋውን አሳልፋ ሚያዝያ ላይ ትመለሳለች። ሐይቅ ዳር ብትሄዱ ሞልተዋል። እሷን ማን ነው «ያንተ ናት» የሚባለው? ማንም። ታዲያ ማህበርተኞቹ ለምን... እሺ፣ ልዩነት አለው። እሷ የማንንም ጎመን አትበላም። ይሄ ክርክሬ አይሰራም፣ ተዉት።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ለእሳቸው ያልነገርኳቸው። ውርጭ እንዴት እንደሚመጣ አውርተናል፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ደመና ሳይኖር ንፋስ ሳይኖር፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል፣ መሬቱ ላይ የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። የኔ ግቢ ላይ ነው፣ የሳቸው ታች። መሃል ያለው ምንድነው? ግራዋው። ጥቅጥቅ ያለ አጥር ደግሞ ከላይ የሚወርደውን ቅዝቃዜ ይገታል፣ ትንሽም ቢሆን። ስለዚህ ጫካውን ብንመነጥረው ወፎቹ ይሄዱ ይሆናል፣ ግን የኔ ግቢ ቅዝቃዜ በሙሉ ጎመኑና ድንቹ ላይ ነው የሚወርደው። ጎመኑ ይችለዋል፣ ድንቹ አይችልም። አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ ጠዋት በፈላ ውሃ የነከሩት ይመስላል፣ እኩለ ቀን ላይ ጥቁር።

ይሄን ስረዳ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጣም። ሮጬ ልነግራቸው ነበር። ከዛ ደግሞ በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ፣ ምክንያቱም የምለው እውነት ነው ግን እውነቱን የፈለግኩት ለድንቹ ብዬ አይደለም። ለወፎቹ ብዬ ነው። አንድ ሽማግሌ ፊት ቆሜ «ለእርስዎ አስቤ ነው» ልል? አፌ እሺ አላለኝም። ምናልባት ግን ለሁለቱም ማሰብ ይቻላል፣ አይቻልም እንዴ? ምን ትላላችሁ።

እህቴ ደውዬላት «አጎበር አልብሺው» አለችኝ፣ ያረጀውን፣ ጎመኑ ላይ። ጥሩ ሃሳብ ነው በእውነት፣ እንጨት ተክሎ ከላይ መዘርጋት ነው፣ መሬት ድረስ ወርዶ ዙሪያውን በድንጋይ ይያዛል፣ አለበለዚያ ወፍ ከስር ገብቶ ይጠላለፋል፣ እሱን ማየት አልችልም፣ ዓይኑ ጠባብ መሆኑ ጥሩ ነው፣ የአሳ መረብ ቢሆን ኖሮ እግራቸውን ይይዝ ነበር። ማታ ማታ ለድንቹ ደግሞ ማዳበሪያ ጆንያ፣ ጠዋት ማንሳት። ቀን ላይ አፈሩን ውሃ ማጠጣት፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይዞ ያድራል። ይሄን ሁሉ እኔ ሄጄ ልሰራላቸው እችላለሁ፣ ጊዜ አለኝ። ግን የሰው መደብ ላይ አጎበር ይዘሽ ስትሄጂ ሰውዬው ምን ይሰማቸዋል? አርባ ዓመት ጎመን የተከለን ሰው። አሁን ይሄንንም አላውቅም። ወይም አብሬያቸው ቡና ልጠጣ፣ በሱ ልጀምር፣ አጎበሩን ሁለተኛው ላይ... አቦሉ ላይ አይሆንም፣ ቶና ላይ።

ቅዳሜ ግን ነገ ወዲያ ነው። ልጁ ገጀራ ይዞ ከመጣ በኋላ «አይ ተወው» ማለት ጋሼን ልጁ ፊት ማዋረድ ነው፣ ስለዚህ ነገ መሆን አለበት፣ ነገ ደግሞ ጁምዓ ነው፣ ከሶላት በኋላ ቤታቸው እንግዳ አይጠፋም፣ ስለዚህ ጠዋት፣ ጠዋት ግን እኔ... ቆይ፣ ቧንቧው ጮኸ። ውሃ መጣ መሰለኝ፣ የኛ ፈረቃ እኮ ነገ ነበር፣ ቆዩኝ ጀሪካን ላስቀድም፣