ኤንትሬ፣ ሐረጎ እና ታኮ

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ዛሬ የኤንትሬ ነገር ነው። አዎ፣ እንደገና መኪና። ግን አባዬ ሾፌር ሳለ የሚነዳው ዓይነት መኪና ነው።

ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ነው። ፊያት 682ን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። አፍንጫ የለውም። ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና በረዳቱ መሃል ነው ያለው። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ። ጋቢናው እንደ ዛሬዎቹ ወደ ፊት አይደፋም፤ ሞተር ለመንካት እዚያው ውስጥ ክዳኑን መክፈት ነው። ደሴ ላይ በክረምት ያ ሙቀት ጸጋ ነው። ባቲን አልፈህ ሚሌ ስትደርስ ግን... አባዬ «ከላይ ፀሐይ፣ ከጎን ሞተር» ይላል።

መሪው ደግሞ በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ በግራ መንዳት ትታ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ብዙ ሰው መሪው ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለዋል። ጣሊያኖቹ ግን አገራቸው ላይ በቀኝ እየነዱም የከባድ መኪና መሪ በቀኝ ያደርጉ ነበር። ተራራ ላይ ሾፌሩ የመንገዱን ጠርዝ እንዲያይ። የሐረጎን ዳገት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ የወጣችሁ ይገባችኋል። አንገትህን በመስኮት አውጥተህ፣ ጎማህ ከገደሉ ምን ያህል እንደራቀ በዓይንህ ታያለህ። ይሄ ነገር ሁሌም ይደንቀኛል።

እና... ኮምቦልቻ። አባዬን ስለ ጉልበቱ ሐኪም ቤት አድርሼው ስንመለስ «አቁሚ» አለኝ። አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ኤንትሬ ቆሟል። ጎማው የተነፈሰ፣ ቀለሙ የለቀቀ። ቀጥ ብሎ ወደ ቀኙ በር ሄደ። ከዘራውን ሰጠኝ። እጀታውን ያዘ፣ ረገጠና ወጣ! የቤታችንን ደረጃ ተደግፎ የሚወጣ ሰው እኮ ነው። ግራ እጁ ማርሹ ላይ አረፈ። ፎቶ ላነሳው ስልኬን ሳወጣ ስፖኪዮውን አየና ጮኸ፦

«ታኮ ጣል!»

ታኮ ያው ረዳቱ ከኋላ ጎማ ሥር የሚሸጉጣት እንጨት ናት። ዳገት ላይ መኪናው ጉልበት ሲያንሰው ረዳቱ ይዟት ዘሎ ይወርዳል። ያ ሁሉ ጭነት ከነተሳቢው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ አለቀ።

ጣል ነው ያለኝ፣ ጣይ አይደለም። ሲያቆላምጠኝ በወንድ ይጠራኛል፣ እውነት ነው። ግን ያኔ ድምፁ ሌላ ነው። ይሄ የሥራ ድምፅ ነበር። ፊቱን አየሁት። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። እኔ ምን አደረግሁ? ድንጋይ አንስቼ ጎማው ሥር ከተትኩ። «ይዟል!» አልኩት። ያን ጊዜ እጁን ከማርሹ አነሳ።

እማዬ «ሲጫወት ነው» አለች። ሊሆን ይችላል፣ አባዬ ጨዋታ ያውቃል። ግን ሰሞኑን የሰው ስም እየጠፋበት ነው...

ስለ አሰብ መንገድ ስንት ነገር ነግሮናል። ስለ ባቲ ገበያ፣ ስለ አሰብ ዓሣ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ሲዞር እንዴት እንደከፋው። ስለ ረዳቱ ግን ምንም። ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ሞተሩን መሃል አድርገው ጎን ለጎን ተቀምጠው! ማን ነበር? የት ደረሰ?

ደግሞ ማታ እንዴት ደስ ብሎት እንደበላ ብታዩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም።

መኪናውን ለብረት ሊቆርጡት ነው አሉ። ሳይቆርጡት፣ ቅዳሜ አባዬን እዚያ ልወስደው ነበር። አሁን ግን እንጃ። እንደገና ታኮ ጣል ቢለኝ፣ ማንን ነው የምትጠራው ብዬ ልጠይቀው? ወይስ ዝም ብዬ... አባታችሁ ሾፌር የነበረ ካላችሁ በድምፅ ላኩልኝ። እኔማ እንጃ...