ከሸራ ጀልባ ሰው ሲወድቅ ምን እናድርግ?

[ምስል፦ ባቦጋያ ሐይቅ፣ ቢሾፍቱ። ትንሽ የሸራ ጀልባ ከዳር ትነሳለች።]

ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን ቢሾፍቱ ላይ ነን። ይኼ ባቦጋያ ነው። እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ያልፋል። ከዳሩ ብዙም ሳይርቁ እግር መሬት አይነካም። ዙሪያውን የከበበው ገደል ደግሞ ነፋሱን ያዞረዋል። ጸጥ ብሎ ይቆይና ድንገት ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ያኔ ሸራው ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል፤ ከሸራው ሥር ያለው ዘንግ የቆመ ሰው ካገኘ ጠርጎ ውሃ ውስጥ ይጥለዋል።

ያየው ሰው መጀመሪያ ይጩኽ። "ሰው ወደቀ! በቀኝ በኩል!" ወዲያው የሚንሳፈፍ ነገር ይወርወር፦ የአደጋ ጊዜ ጎማ፣ ላይፍ ጃኬት፣ ባዶ ጀሪካን፣ የተገኘው ሁሉ።

ቀጥሎ አንድ ሰው ይመደብ። ሥራው እጁን ዘርግቶ የወደቀውን ሰው ማመልከት ብቻ ነው። ገመድ አይስብም፣ ስልክ አይደውልም፣ ዞር ብሎም አያወራም። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 150 ሜትር ትርቃለች። በዚያ ርቀት ላይ ከውሃው በላይ የሚታየው ጭንቅላት ብቻ ነው። ትንሽ ማዕበል ካለ እሱም ብቅ ጥልቅ ይላል። ዓይን አንዴ ከተነቀለ መልሶ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ኤሪክ ታባርሊ በዓለም ከታወቁ የሸራ ጀልባ ሰዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1998 ሌሊት ላይ፣ ከዌልስ ወዲያ ባለው ባሕር ከገዛ ጀልባው ወደቀ። ከጀልባው ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ አላሰረም ነበር። አብረውት የነበሩት በጨለማው ሊያገኙት አልቻሉም።

[ምስል፦ ከላይ የተነሳ። ቢጫ ጀሪካን ውሃው ላይ፤ ጀልባዋ ትዞራለች።]

አሁን መመለስ አለብን። የሸራ ጀልባ እንደ መኪና ማርሽ ቀይራ ወደ ኋላ አትሄድም። ነፋሱን በጎን አድርጋችሁ ትንሽ ራቁ። ከዚያ አፍንጫዋን በነፋሱ በኩል አዙሩና ተመለሱ። ሰውየው ካለበት ትንሽ ዝቅ በሉ፤ ዝቅ ማለት ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ነው። ከዚያ ወደ ነፋሱ አግድም እየወጣችሁ ቅረቡት። ልክ ስትደርሱ የሸራውን ገመድ ልቀቁ። ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋም አጠገቡ ትቆማለች። ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ከመጣችሁ ግን ገመዱን ብትለቁም ሸራው ነፋስ መያዙን አይተውም። ወይ ታልፉታላችሁ፣ ወይ ትወጡበታላችሁ። ሞተር ካላችሁ ከመቅረባችሁ በፊት አጥፉት፤ የሚሽከረከረው ምላጭ ሰው ይቆርጣል።

ይህን መለማመድ ቀላል ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንገቱ ድረስ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ክደኑና ጣሉት። ባዶውን ነፋስ ይወስደዋል፤ የሞላው ግን እንደ ሰው ጭንቅላት ብቻውን ብቅ ብሎ ይንሳፈፋል።

[ምስል፦ የጀልባዋ ጎን በቅርብ። ሁለት እጆች የረጠበ ጃኬት ይይዛሉ።]

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰውየው አጠገባችሁ ነው፤ እጁን ይዛችኋል፤ ግን ማውጣት አቃታችሁ። ጂንስ ለብሷል፣ ጃኬቱ ውሃ ጠጥቷል፣ ጡንቻው ዝሏል። ከውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ይከብዳል። ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ በክንዱ ሲጎትተው ጀልባዋ ታጋድላለች፣ አንዱ ጎታችም ተከትሎት ይገባል። ብዙ ሰው "ደረስንለት" ካለ በኋላ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እሰሩት። በብብቱ ሥር ገመድ አሳልፉና ጀልባዋ ላይ አጥብቁ። አሁን አያመልጥም፤ ማሰቢያ ጊዜ አገኛችሁ። መሰላል ካለ አውርዱ። ከሌለ ወፍራም ገመድ ቋጥራችሁ እንደ ርካብ ከጎን አንጠልጥሉለት፤ እግሩን አስገብቶ ይቁምበት። በእግሩ ከገፋ እናንተ የምትስቡት ጥቂት ነው። አቅም ካነሰው ደግሞ ሸራው ወደ ምሰሶው የሚሰቀልበትን ገመድ ብብቱ ላይ ካለው ጋር አያይዙና በገመድ መጠቅለያው አንሱት። ውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ከቀዘቀዘ፣ ከተቻለ አግድም አድርጋችሁ አውጡት። ቀጥ ብሎ ሲወጣ የደም ግፊቱ ድንገት ሊወርድ ይችላል።

መሰላሉ የት ነው? የትኛው ገመድ ነው የሚያነሳው? ይህን ጉዳይ ዳር ላይ ሳላችሁ ጨርሱት። ላይፍ ጃኬትም እዚያው ይለበስ። ተከትላችሁም አትዝለሉ፤ ሁለት የሚነሳ ሰው ይሆናል።

ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ ቁልቁል መዘቅዘቅና ሆዱን መጫን ይቅር። ጊዜ ያባክናል፤ ያስመልሰውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ 5 ጊዜ እፍ በሉበት። ከዚያ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ፣ 2 ጊዜ እፍ በሉ፤ እርዳታ እስኪደርስ በዚሁ ቀጥሉ። አንዱ በዚህ መሃል ለአምቡላንስ ይደውል፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ነቅቶ "ደህና ነኝ" ቢልም፣ ውሃ ወደ ሳንባው ከገባ ወይም ካሳለው ሐኪም ሳያየው ወደ ቤቱ አትሸኙት። ትንፋሹ ከሰዓታት በኋላ ሊከብድ ይችላል።